ከዋሻው ቢጠሩሽ አቤት እንዳትዪ

ፌብሩዋሪ 8

ስለደከመኝ በአጭሩ እጽፋለሁ።

የመመረቂያ ጥናታችን ጸድቋል፦ የእንጆሪ ለቃሚዎች የእረፍት ሰዓት፣ ውሃና ጥላ። እኔና ጆሜል አንድ ላይ ተመድበናል። ፕሮፌሰር ሃልቨርሰን በክፍል ውስጥ «ጥናቱ የእናንተ እንዳይመስላችሁ፤ የሠራተኞቹ ነው። እናንተ ብዕር ያዢዎች ናችሁ» አሉን። ወደድኩላቸው።

የለቃሚዎች ማኅበር አስተባባሪዋ አርሴንያ ግን ገና ስታየኝ ሳቀች። «ወረቀትሽን ይዘሽ መንገድ ዳር ብትገተሪ ማን ያናግርሻል? ቅዳሜ ቅዳሜ አብረሻቸው ልቀሚ። እጅሽ ሲቆስል አፋቸው ይከፈታል።»

እናም ኮስታ ክላራ እርሻ ገብቼ ተመዘገብኩ። ለፕሮፌሰሯ አልነገርኩም። እነግራቸዋለሁ።

እማዬ ጓንቷን ስታውሰኝ «ከማሳ ላወጣሽ ስል ዕድሜዬን ማሸጊያ ቤት ሎሚ ስጠቀልል ኖርኩ፤ አንቺ በዲግሪ ተመለሽበት» አለችኝ። 

ፌብሩዋሪ 15

ዋሻ የሚሉት የላስቲኩን ዳስ ነው። በቅስት ብረት ላይ የተወጠረ ነጭ ላስቲክ፣ ከመንገዱ እስከ ባሕሩ አጥር ይዘልቃል። ውስጡ ግራና ቀኝ የእንጆሪ ቁጥቋጦ፣ መሐሉ ቀጭን መተላለፊያ። ጠዋት ጉሙ ከባሕር ወጥቶ ላስቲኩ ላይ ሲተኛ የወዲያኛው ጫፍ ይጠፋል። ከጎንሽ ያለውን ሰው ጥላውን ብቻ ታያለሽ።

የተመደብኩት ዶኛ ኤውላሊያ አጠገብ ነው፤ እዚህ የተከበረች ሴት «ዶኛ»፣ የተከበረ ወንድ «ዶን» ይባላል። ከኦአሃካ ተራራ የመጡ፣ ፊታቸውን እስከ ዓይናቸው በሻሽ የሚጠመጥሙ፣ አፋቸው የማያርፍ ሴት ናቸው።

«አንቺ ዲግሪ፣ ፍሬውን አትቆንጥጪው! ባል አደረግሽው እንዴ?»

ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ከዛሬ ጀምሮ ስሜ ዲግሪ ነው።

የምሳ ሰዓት ደርሶ በቂጣ የተጠቀለለውን ቡሪቷችንን ስናወጣ ግን ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ልጄ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ። ከዋሻው ጫፍ ስምሽን ቢጠሩሽ አቤት እንዳትዪ። ዞረሽም አትዪ» አሉኝ።

«ማን ነው የሚጠራው?»

«እሱን ደግሞ አታጥኚው።»

የሚስቅ ሰው ፈልጌ ዙሪያዬን አየሁ። ሁሉም ቡሪቶውን ያያል።

ፌብሩዋሪ 20

ለፕሮፌሰሯ ስለ ድምፁ ነገርኳቸው፤ እንደ ቀልድ አድርጌ። ፈገግ አሉ። ወጣት ሳሉ አውቶቡስ ነጂ ነበሩ፤ አድማ መርተው ታስረዋል። ተረት የሚንቁ ሰው አይደሉም። «ደስ ይላል ዙሌማ፤ ግን የእርሻው ጠበቃ ይህን ቢያነብ ምን ይላል? ‹ጣረ ሞት የሚሰሙ ሰዎች ናቸው የከሰሱን› ይላል። ስለ እረፍት ጠይቂ።»

ልክ ናቸው። ስለ እረፍት እጠይቃለሁ።

ማርች 1

ስለ እረፍት ጠየቅኩ። ሦስት ሰዎች፣ በየቤታቸው፣ በየተራ። ሦስቱም ስለ እረፍት መለሱልኝ፤ መቅጃውን ሳጠፋ ግን ስለ ድምፁ ነገሩኝ።

ድምፁ አንድ አይደለም። አንዷን የሚጠራት ወንድሟ ነው፤ ወንድሟ ግን ሩቅ ከተማ፣ ሳሊናስ ውስጥ ሰላጣ ይቆርጣል። ሁለተኛውን የሞተች ሚስቱ። ሦስተኛዋን የአምስት ዓመት ልጇ። ልጇ በዚያ ሰዓት መዋዕለ ሕፃናት ነው። «አንዴ ሮጥኩ» አለችኝ። «እስከ አጥሩ ድረስ ሮጥኩ። ወድቄ አገኙኝ። ካቦው ቁርስ ሳትበይ መጥተሽ ነው ብሎ ሰደበኝ።»

በአገራቸው ቋንቋ፣ በቤት ስማቸው ነው የሚጠሩት። ካቦው የማያውቀው፣ በደመወዝ ወረቀት ላይ የሌለ ስም።

ቤቴ ስገባ መብራቱን ሁሉ አበራሁ። ቂል ነኝ።

ማርች 8

ራስ ምታት። ቡና አብዝቻለሁ። ዋሻው ውስጥ ነጭ ሽንኩርት ነጭ ሽንኩርት ይሸታል፤ ከምሳ ዕቃ አንዱ ሳይፈስ አይቀርም። ፈተና ማክሰኞ። ለፕሮፌሰሯ ዛሬም አልነገርኩም።

ማርች 15

ዛሬ ንጹሕ ነፋስ፣ ፀሐይ። ማንም ስለ ድምፅ አላወራም። ዶኛ ኤውላሊያ ሲዘፍኑ ዋሉ። ካቦው ሬሚሂዮ «ሬዲዮውን ዝጉት!» ሲል «ባትሪው ሚስትህ ናት፤ እሷን ዝጋ» አሉት። እሱም ሳይወድ ሳቀ።

ራሴን አላመመኝም።

ማርች 22

ሰማሁት።

ልጻፈው እንጂ። ጉም ነበር፣ ነፋስ የለም። ያ ሽታ እንደገና ነበር፤ ዓይኔ ያለቅስ ነበር። ከጎኔ ዶኛ ኤውላሊያ አቀርቅረው ይለቅማሉ። ከዚያ ከባሕሩ በኩል እማዬ «ዙሊ» አለች። ስትቆጣ እንደምትለው አይደለም። ሕፃን ሳለሁ ከእንቅልፌ ስትቀሰቅሰኝ እንደነበረው ነው፤ ቀስ ብላ፣ መጨረሻውን ጎተት አድርጋ። «ዙሊ፣ ነይ።»

እግሬ ተነሣ። እኔ አይደለሁም ያነሣሁት። ዶኛ ኤውላሊያ ክንዴን ያዙኝ፤ ጥፍራቸው እስኪሰማኝ። ወደኔ እንኳ ሳያዩ «ልቀሚ» አሉ። «ልቀሚ፣ ልጄ። አፍሽን ዝጊና ልቀሚ።»

ለቀምኩ። እጄ ይንቀጠቀጥ ስለነበር ፍሬው ሁሉ ተጨፈለቀ። ሬሚሂዮ ሳጥኔን መለሰብኝ።

ማታ እማዬን «ጠዋት የት ነበርሽ?» አልኳት።

«የት እሆናለሁ? ሎሚ ቤት።»

«ስለኔ አስበሽ ነበር?»

ማንኪያዋን አስቀመጠች። «ምን ሆነሻል አንቺ? ፊትሽ አመድ መስሏል። ያንን ሥራ ተይው ብያለሁ።»

«ደህና ነኝ» አልኳት። ደህና ነኝ። እንቅልፍ ነው ያጣሁት።

ማርች 27

ጆሜል ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ረጅም ጊዜ አየኝ። እናቱ ከፊሊፒንስ የመጣች ነርስ ናት፤ እሱም የሰው ፊት ማየት ይወዳል።

«ዓይንሽ ምን ሆኗል?»

«ምን?»

«መሐሉ ጥቁሩ የለም እኮ። የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። መብራቱ ደግሞ ደብዛዛ ነው።»

«የፊሊፒንስ ሐኪም ሆንክብኝ» አልኩት። ሳቅንበት። በኋላ መጸዳጃ ቤት ገብቼ መስታወት ላይ አየሁ። እውነቱን ነበር፤ ረጅም ጊዜ ግን አላየሁም።

ኤፕሪል 5

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሬሚሂዮ ጋር ተነጋገርኩ። ትናንት ዓርብ ማታ ለቃለ መጠይቅ መጥቼ መኪና እየጠበቅኩ ሳለ በዋሻው በር ላይ የራስ ቅል የተሳለበት ማስጠንቀቂያ ሲተከል ነበር ያየሁት፤ መድኃኒት ተረጭቷል፣ አትግቡ የሚለውን። ዛሬ ጠዋት ስደርስ ምልክቱ የለም። መሬቱ ላይ ምልክቱ የቆመበት የእንጨቱ ቀዳዳ ብቻ ቀርቷል፤ ጠርዙ ገና እርጥብ።

«ምልክቱ የት ሄደ?» አልኩት።

«የት ይሄዳል? ተነቀለ።»

«ጊዜው ደርሶ ነው?»

«ዲግሪ፣ እንጆሪ ይበሰብሳል። አንቺ የምታጠኚውን ትበያለሽ፤ እነሱ የሚለቅሙትን ይበላሉ። ግቢ።» ይህን ሲል ግን እሱ ራሱ ከበሩ ራቅ ብሎ ነበር የቆመው። ሁልጊዜም ራቅ ብሎ ነው የሚቆመው። ቀኑን ሙሉ አንድም ጊዜ ሲገባ አይቼው አላውቅም።

ገባሁ። ሁሉም ገቡ። ምን ማድረግ ነበረብኝ?

ኤፕሪል 12

እማዬ ከተኛች በኋላ ነው የምጽፈው።

ጠዋት ጉሙ እንደ ዱቄት ነበር። የእንጨት ቀዳዳው ዛሬም በሩ ላይ አለ። ሽታው ከመግባታችን ጉሮሮ ያዘ። ዶኛ ኤውላሊያ በሻሻቸው ላይ ሌላ ሻሽ ደርበው «ዛሬ ብዙ ይጠራል» አሉ። ሴቶቹ ጆሯቸው ውስጥ ጥጥ ወተፉ። አንዱ ጎልማሳ መዝሙር ጀመረ፤ ሁለት ስንኝ ሄዶ ሳል አቋረጠው።

ለእረፍት ወጣን። መንገዱ ዳር ሳጥን ገልብጠን ተቀመጥን። የዶኛ ኤውላሊያ የምሳ ቦርሳ ከጎኔ ነበር። ዘግይተው ይሆናል፣ መደዳቸውን እየጨረሱ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ከውስጥ ተጠራሁ። «ዙሌማ!» የእማዬ ድምፅ አልነበረም። የዶኛ ኤውላሊያ ነው። እሳቸው ደግሞ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዲግሪ እንጂ ዙሌማ ብለውኝ አያውቁም።

«ሰማችሁ?» አልኩ።

ማንም ቀና አላለም። ያ ጎልማሳ «አትመልሺ» አለኝ። «ይለፍሽ።»

እንደገና ጠራኝ። እኔም ተቀመጥኩ። አዎ፣ ተቀመጥኩ። እንደተማርኩት አቤት ሳልል፣ ወደዚያ ሳልዞር፣ ቡሪቶዬን ይዤ። ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም፤ ቡሪቶው በእጄ ላይ እስኪቀዘቅዝ። ከዚያ ቦርሳውን አየሁት። እንደተቋጠረ ነው። ዶኛ ኤውላሊያ ምሳቸውን የሚያስቀድሙ እንጂ የሚረሱ ሴት አይደሉም።

ተነሣሁ። ከኋላዬ «ዲግሪ! ተይ!» እያሉ ጮኹ። ገባሁ።

ከባሕሩ በኩል ባለው ጫፍ፣ መደዳቸው ባልሆነበት፣ በግራ ጎናቸው ወድቀው አገኘኋቸው። ሻሹ ወርዷል፣ አፋቸው አረፋ ደፍቋል፣ ዓይናቸው ተከፍቶ የሚያየው ላስቲኩን ነው። ብብታቸውን ይዤ ጎተትኩ። ያን ቀጭን ገላ መጎተት እንዲህ ይከብዳል? «እርዱኝ!» ብዬ ጮህኩ። ድምፄ ላስቲኩን እየመታ ተመለሰብኝ። ከውጭ ማንም አልመጣም።

ለምን እንዳልመጡ ገባኝ። ከዋሻ የሚጮህ ድምፅ ነኝ።

በመጨረሻ ሲሮጥ የመጣው ሬሚሂዮ ነው። አፉን በቆቡ ሸፍኖ ገባ፤ እንደ ሕፃን አቅፎ አወጣቸው። አምቡላንሱ እስኪደርስ «ኤውላሊያ፣ ኤውላሊታ፣ ስደቢኝ እስቲ፣ ስደቢኝ» ይል ነበር።

ኤፕሪል 13

በሕይወት አሉ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ልብሳቸው ገና ሲወልቅ ሽታውን አውቆታል። «የተረጨው ተባይ ማጥፊያ ነው» አለን፤ ለአርሴንያና ለእኔ። «ከነጭ ሽንኩርት ጋር ይመሳሰላል። ላብ፣ ምራቅ፣ መንቀጥቀጥ፣ የዓይን ብሌን መጥበብ። አእምሮንም ያዛባል። ብዙ ቀን በትንሽ በትንሹ ሲጠራቀም እንዲህ ይጥላል።» ከዚያ ወደኔ ዞሮ «አንቺስ? እዚያው ነሽ የምትሠሪው? ደምሽን እንይ» አለ።

«እኔ ተማሪ ነኝ» አልኩት። ምን ዓይነት መልስ ነው? አርሴንያ አየችኝ።

ኤፕሪል 15

ለፕሮፌሰሯ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለቅም እንደነበረ፣ ሽታውን፣ ምልክቱን፣ ተቀምጬ መቆየቴን። በሩን ዘጉት። 

«ተረቱን ተይው ያልኩሽ እኔ ነኝ» አሉ። «ሰዎቹ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የነገሩሽ እኮ ሕመማቸውን ነበር። እኔ ደግሞ የፈለግኩትን ብቻ እንድትሰሚ ላክሁሽ።» ከዚያ ተቆጡኝ፤ ያለ ፈቃድ በመግባቴ፣ ዩኒቨርሲቲው ሳያውቅ። በጣም ተቆጡኝ። ከዚያ ደግሞ ሐኪም ጋ ሂጂ አሉኝ።

ኤፕሪል 21

ዶኛ ኤውላሊያን ሐኪም ቤት ሄጄ ጠየቅኳቸው። ቀኝ እጃቸው አሁንም አይታዘዛቸውም፤ ምላሳቸው ግን ተፈትቷል። «ሾርባቸው የታጠበ ካልሲ ነው» አሉኝ። ደስ አለኝ።

«ልጄ፣ ማን ነግሮሽ መጣሽ?» አሉኝ ቆይተው።

«ጠሩኝ እኮ።»

«እኔ?»

«ዙሌማ ብለው። ሁለት ጊዜ።»

 «ልጄ፣ እኔ የእግዜርን ስም እንኳ መጥራት አቅቶኝ ነበር። ምላሴ እንደ ጫማ ሶል ሆኖ ነበር።»

 ለካ እሳቸው ሳይጠሩኝ ነው የሄድኩት። ሳል ይሆናል፣ ነፋስ ይሆናል አልኩ በልቤ። ነፋስ አልነበረም።

«እርስዎስ ያን ጫፍ ምን ሊያደርጉ ሄዱ?» አልኳቸው። «መደዳዎ እኮ በዚህ በኩል ነበር። ደግሞ እረፍት ተደውሎ ነበር።»

በግራ እጃቸው ብርድ ልብሱን አስተካከሉ። «እኔ ለሞቱት መልሼ አላውቅም» አሉ። «ለእናቴም አልመለስኩም፤ ስንት ዓመት ጠርታኛለች። ያን ቀን የጠራሽኝ ግን አንቺ ነሽ። ‹ዶኛ፣ ይድረሱልኝ› አልሽ። ታለቅሺ ነበር። የሰው ልጅ አደራ ናት ብዬ ገባሁ።»

እኔ መንገዱ ዳር ነበርኩ። ሳጥን ላይ ተቀምጬ ነበር። ይህን አልነገርኳቸውም።

ሜይ 3

በቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ረቂቁን ለሠራተኞቹ አነበብን። እኔ በስፓኒሽ፣ አርሴንያ በተራራው ቋንቋ በሚሽቴኮ። ፕሮፌሰሯ ከኋላ ተቀምጠው ወንበር ሲያቀብሉ አመሹ። የእረፍቱን ክፍል ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ስለ ድምፁ ያለው ክፍል ላይ ስደርስ አዳራሹ ቀዘቀዘ።

«ይህን ልናስገባው ወይስ ልናወጣው? የእናንተ ነው» አልኩ።

«አውጪው» አለ ያ ጎልማሳ። «ያበዱ ቀይ ሕንዶች ይሉናል። ቀድሞም ይሉናል።»

ልጇን የምትሰማዋ ሴት ተነሣች። «እኔ አበድኩ ብዬ ለባሌ እንኳ ሳልናገር ከረምኩ» አለች። «ከተጻፈ ብቻዬን እንዳልነበርኩ ይታወቃል። ካወጣችሁት መድኃኒቱን ብቻ ነው የምትከሱት፤ እኛ ምን ሆነን እንደከረምን ማን ያውቃል?»

አርሴንያ «ድምፁን በሰማችሁበት ጠዋት ያ ሽታ ያልነበረበት አለ?» ብላ ጠየቀች። አንድም እጅ አልወጣም።

ድምፁ እንዲገባ ተወሰነ። ጎልማሳውም በመጨረሻ እጁን አወጣ፤ ግማሽ ድረስ።

ሲበተን አንዲት ሴት ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብላ «ሐኪሙ መድኃኒቱ ነው ማለቱ ጥሩ ነው» አለችኝ። «ግን መድኃኒት ስሜን እንዴት አወቀ?»

ሜይ 6

ጆሜል ጎትቶ ክሊኒክ ወሰደኝ። ደም ሰጠሁ። ሐኪሙ «ከመቼ ጀምሮ ነው?» ሲለኝ ጆሜል ቀድሞ መለሰልኝ። መርዙ የሚያጠፋው የደሜ ንጥረ ነገር ከመደበኛው በግማሽ ወርዷል አሉ። እስኪመለስ ድረስ እርሻ እንዳልደርስ። እማዬ ስትሰማ አልጮኸችም። አጠገቤ ተኝታ አደረች፤ ሕፃን ሳለሁ እንደምታደርገው።

ሜይ 10

ዋሻው እንዳልገባ እንጂ መንገዱ ላይ እንዳልቆም ማን ከለከለኝ? ከአርሴንያ ጋር ሄድኩ።

ጉም። ምልክቱ ዛሬም ተነቅሏል፤ የእንጨቱ ቀዳዳ አዲስ ነው። ለቃሚዎቹ መጡ፣ ሳጥናቸውን መሬት ላይ አኖሩ፣ በሩ ፊት ለፊት ቆሙ። ማንም አላዘዛቸውም። ልጇን የምትሰማዋ ሴት ብቻ «የላስቲኩ ጎን ይጠቅለል፣ ነፋስ ይግባ፣ ምልክቱ ጊዜው እስኪደርስ አይነቀል። ያኔ እንገባለን» አለች።

ሬሚሂዮ ስልክ ደወለ። ማናጀሩ ሚስተር ኮልቢ በነጭ መኪናው መጣ። ከመኪናው ሳይርቅ «ምንም የለም እኮ፣ ንጹሕ ነው! ወሬ ነው!» አለ። ማንም አልተንቀሳቀሰም። ፊቱ ቀላ። «ሬሚሂዮ፣ ግባና አሳያቸው። እስከ ጫፍ ሄደህ ተመለስ።»

ሬሚሂዮ ወደኛ አላየም። ቆቡን አጥብቆ ገባ።

ጥላው በላስቲኩ ላይ ይታይ ነበር፤ መጀመሪያ ጥቁር፣ ከዚያ ግራጫ። ወደ መሐል ሲደርስ ቆመ። ራሱን ቀስ አድርጎ ወደ ባሕሩ በኩል አዞረ፤ ሰው ሲጠራው እንደሚዞር። ሁላችንም አየነው። አንዱ እጁ ተነሣ። ከጎኔ ያለችው ሴት «አትመልስ፣ ወንድሜ፣ አትመልስ» ስትል ሰማኋት፤ በሹክሹክታ። ዓመቱን ሙሉ ስትረግመው የነበረች ሴት።

ጥላው እንደገና ጠቆረ። ወጣ። ፊቱ እንደ ላስቲኩ ነጭ ሆኖ ነበር።

«እሺ፣ አያችሁ?» አለ ኮልቢ። «ምን አገኘህ? ንገራቸው!»

«ልጄ ጠራኝ» አሉ ዶን ሬሚሂዮ።

«ምን?»

«ልጄ። ባሕር ኃይል ውስጥ ነው፤ ጃፓን ነው ያለው። ‹አባዬ፣ ና› አለኝ።» ቆባቸውን አወለቁ፤ ጸጉራቸው በላብ ርሷል። «እኔ አልገባም። እነሱንም አላስገባም። ከፈለግህ አንተ ግባ።»

ኮልቢ ዋሻውን አየ። ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ መኪናው ውስጥ ገብቶ መስኮቱን ዘግቶ ስልክ ማውራት ጀመረ። ከቀትር በፊት ሰዎች መጥተው የላስቲኩን ጎን ከዳር እስከ ዳር ጠቀለሉ፤ ነፋሱ ከባሕር ገባ፤ ዛሬ አንድም ሰው አልለቀመም። ነገ ምን እንደሚሉ አላውቅም።

ዶን ሬሚሂዮ ግን ኮልቢ ሲሄድ መኪናውን ተከትለው አልሄዱም። ሳጥን ገልብጠው በሴቶቹ መካከል ተቀመጡ። ያቺ ስትረግማቸው የከረመች ሴት ቡሪቶዋን ከመሐል ቆርሳ ዘረጋችላቸው። እጃቸው በጣም ስለሚንቀጠቀጥ፣ እስኪጎርሱ ድረስ በእጇ ደገፈችላቸው።